ጓደኛዬ «የፈለግከውን ስጠኝ» አለኝ፣ ለጠመንጃው ስንት ልስጠው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ኦሮራ ኮሎራዶ ነው፣ ከአገር ከወጣሁ ቆየሁ ዜግነትም ወስጃለሁ። አንድ ጓደኛ አለኝ፣ ጓደኛ ብቻም አይደለም አበልጄ ነው፣ ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ እሱ ነው፣ ይሄ አገር ስገባም ቤቱ ያሳረፈኝ እሱ ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ሊያድን ተራራ ይወጣል፣ እኔም እየተከተልኩት ስጋ ስሸከም ቆይቼ ዘንድሮ በቃ ራሴ ማደን አለብኝ ብዬ የሀንተር ኤዱኬሽን ኮርሱን ጨረስኩና ካርዴን አወጣሁ። እሱ ደሞ ትከሻው ኦፕራሲዮን ስለሆነ የጠመንጃው ምት ከብዶታል፣ ምቱ ቀለል ወዳለው ወደ 6.5 ክሪድሞር ካሊበር ልቀይር ነው የድሮውን ለምን አንተ አትወስደውም አለኝ። ጠመንጃው ሬሚንግተን 700 ነው፣ ካሊበሩ ሰርቲ ኦት ሲክስ፣ 2010 ላይ አዲስ የገዛው ነው፣ ላዩ ላይ የሉፖልድ ስኮፕ (ማነጣጠሪያ መነጽር) አለው፣ ጥቂት ፓኮ ጥይትም አብሮ እሰጥሃለሁ ብሏል። ስንት ትሸጥልኛለህ ስለው «ኧረ ተው ምን ትላለህ፣ የፈለግከውን ስጠኝ» አለኝ። እኔ ደሞ ይሉኝታ ያዘኝ። ኢንተርኔት ላይ ሳይ 900 ዶላር የሚሉ አሉ 350 የሚሉም አሉ። ባለቤቴ «ወዳጅህ አይደል እንዴ 300 ስጠው ይበቃዋል» ትላለች፣ አብሮኝ የሚሠራ አሜሪካዊ ደሞ ከነስኮፑ 700 አያንሰውም ይላል። ትንሽ ሰጥቼ ላስቀይመው አልፈልግም፣ ብዙ ሰጥቼም መታለል አልፈልግም። ደሞስ እጅ በእጅ ተቀባብለን ብንጨርስ ችግር አለው? እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ

ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ውስጥ ከዶላሩ በፊት ዓይኔ ያረፈው «የፈለግከውን ስጠኝ» የምትለው ላይ ነው። አበልጅህ ይሄን ያለህ ስለሚወድህ ነው፣ ግን ሳያስበው ከባዱን ሥራ አንተ ላይ ጣለው። 300 ብትሰጠው ፈገግ ብሎ ይቀበልሃል፣ እግዜር ይስጥልኝም ይልሃል፣ ቤቱ ገብቶ ሚስቱ «ለዛ ጠመንጃ ይችን ብቻ?» ስትለው ግን የሚመልሰው አይኖረውም። 700 ብትሰጠው ደሞ በሚቀጥለው ወር ሱቅ ገብተህ ያንኑ ጠመንጃ በ500 ተሰቅሎ ስታየው አንተ ሆድ ውስጥ አንድ ነገር ይቀራል። ሁለታችሁም አታወሩትም፣ እኛ እንደዚህ ዓይነት ነገር አናወራም፣ ዝም እንላለን፣ ከዛ መጠራራቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ዋጋውን አንተም ከጭንቅላትህ አትጥራ እሱም አይጥራ፣ ገበያው ይጥራውና እናንተ መሐል ላይ ተገናኙ።

እንዴት መሰለህ፣ ሁለት ቁጥር ነው የምትፈልጉት። የመጀመሪያው የታችኛው ነው። አበልጅህ ጠመንጃውን ይዞ ያገለገለ መሣሪያ የሚገዛ ሱቅ ይሂድና «ዛሬ በካሽ ስንት ትሰጡኛላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ፣ መሸጥ አይጠበቅበትም መጠየቅ ነጻ ነው። ሱቁ አትርፎ ሊሸጠው ስለሆነ የሚያቀርብለት ብዙ ጊዜ መልሶ ከሚሸጥበት ዋጋ ግማሽ ወይ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ከዚህ በታች ብትሰጠው ጎዳኸው ማለት ነው ምክንያቱም አንተ ባትኖርም ይሄን ብር ያገኝ ነበር። ሁለተኛው የላይኛው ነው፣ ያው ሞዴል ባንዲያው ዓይነት ይዞታ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ስንት ተለጥፎበታል? ከዛ በላይ ብትከፍል ደሞ አንተ ተጎዳህ፣ ሱቅ ሄደህ ትገዛው ነበራ። በሁለቱ መሐል ያለ የትኛውም ቁጥር ማንንም አያሳፍርም፣ ልክ እኩሌታውን ስትይዙት ግን ክርክር የሚባል ነገር አይነሳም። ለምሳሌ ስኮፑ ሳይቆጠር ሱቁ 300 እሰጣለሁ ቢልና መደርደሪያ ላይ ግን 500 ቢሆን 400 ብላችሁ ጨረሳችሁ። ይሄን ለምሳሌ ነው ያልኩህ፣ ትክክለኛውን ቁጥር እናንተ ከተማ ያሉት ሱቆች ይነግሯችኋል፣ አንድ ሱቅ ብቻ ጠይቃችሁ ግን አታቁሙ።

ኢንተርኔት ላይ ያየኸው 900 እና 350 ግራ ያጋባህ የሚጠየቅ ዋጋና የተሸጠ ዋጋ ስለተደባለቀብህ ነው። ማንም ሰው ጠመንጃው ላይ 900 ብሎ መለጠፍ ይችላል፣ ለዓመት ተለጥፎ የሚቀርም አለ። እንደ ጋንብሮከር ያሉ የጨረታ ሳይቶች ላይ ገብተህ ያለቁትን ጨረታዎች ብቻ ለይተህ እይ፣ እዛ ላይ ነው ሰው በእውነት ከኪሱ ያወጣውን የምታየው። ሱቅ ስታወዳድር ደሞ ታክሱን አትርሳ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሱቅ የሚሸጠው መሣሪያና ጥይት ላይ 6.5 ፐርሰንት ኤክሳይስ ታክስ ተጨምሯል፣ ከመደበኛው የሽያጭ ታክስ በላይ ማለት ነው፣ እንደናንተ ዓይነት በግለሰቦች መሐል የሚደረግ ሽያጭን ግን አይመለከትም። ይሄ ላንተ ጥቅም ነው፣ ከእኩሌታው ትንሽ ከፍ ብትልለት አትጎዳም።

አሁን ወደ ጠመንጃው ልምጣ፣ እዚህ ጋ ረጋ ብለህ አንብበኝ ምክንያቱም ዋጋ ብቻ አይደለም የሰው ሕይወት ነው። 2010 የተገዛ ሬሚንግተን 700 ነው ብለሃል። ከሜይ 1 ቀን 2006 እስከ ኤፕሪል 9 ቀን 2014 የተሠሩ ኤክስ-ማርክ ፕሮ የሚባል ምላጭ ያላቸው ሞዴል 700 እና ሞዴል ሰቨን ጠመንጃዎች 2014 ላይ ሪኮል ተደርገዋል፣ ፋብሪካው ለማስተካከል መልሱልኝ ብሎ ጠርቷቸዋል ማለት ነው። ምክንያቱ ምላጩ ሲገጣጠም የሚገባው ማጣበቂያ አንዳንዶቹ ላይ በዝቶ ስለነበር ማንም ምላጩን ሳይስብ ሊተኩስ ይችላል ተብሎ ነው። ከዛ በፊት የነበረው የድሮው የዎከር ምላጭም ብዙ ክስ የቀረበበት ነው፣ ሁለቱንም የሚመለከት የጋራ ክስ በስምምነት አልቋል። ስለዚህ አበልጅህን «ይሄ ጠመንጃ ለሪኮሉ ተልኮ ነበር ወይ?» ብለህ ጠይቀው፣ ተልኮ ከነበረ ወረቀቱን ፈልጎ ያሳይህ። ካልተላከ ፋብሪካው ያስተካክለዋል ብላችሁ አትጠብቁ፣ ያኔ የነበረው ኩባንያ 2020 ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ከስሮ ተበጣጥሶ ነው የተሸጠው፣ የጠመንጃው ሥራ አንዱ ጋ የጥይቱ ሥራ ሌላው ጋ ሄዷል። ጋንስሚዝ (የጠመንጃ ጠጋኝ) ጋ ውሰዱትና ይየው፣ ሌላ ኩባንያ የሠራውን ጥሩ ምላጭ ማስገባት ይቻላል፣ እቃው ብቻ ከ150 እስከ 200 ዶላር አካባቢ ነው፣ መግጠሚያው ለብቻ። ይሄ ወጪ ከዋጋው ላይ ይቀነስ። አፍረህ እንዳታልፈው በጣም እለምንሃለሁ፣ ይሄ ጠመንጃ ከፊትህ አበልጅህ እየሄደ አንተ ከኋላው የምትሸከመው ነው።

ሌላው ምርመራ ቀላል ነው። መጀመሪያ ጥይት እንደሌለው ሁለታችሁም በዓይናችሁ እዩ በጣታችሁም ንኩ። ቦልቱን (የሚያቀባብለውን ብረት) አውጥተህ አፈሙዙን ወደ መብራት አቅናና ውስጡን እይ፣ ጠመዝማዛው መስመር ጥርት ብሎ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ጥቁር ጥቁር ነጥብ ካለ ዝገት በልቶታል ማለት ነው። የአፈሙዙ ጫፍ ላይ መመታት ወይ መሰንጠቅ ካለ ጥይቱን ያስታል። ሰደፉ ላይ ያለ ጭረት የአደን ጭረት ነው አያሳስብም፣ ስንጥቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው ስንት ጥይት ተተኩሶበታል ብሎ ይጨነቃል፣ የአደን ሰርቲ ኦት ሲክስ ላይ ግን ይሄ ብዙም አያስጨንቅም፣ አዳኝ በዓመት አንድ ሁለት ፓኮ ቢተኩስ ነው፣ አፈሙዙ ደሞ በሺዎች የሚቆጠር ይችላል። ከመክፈልህ በፊት አብራችሁ ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ) ሂዱና በ100 ያርድ ሦስት ሦስት ጥይት ተኩሱበት፣ ሦስቱ ቀዳዳ በኢንች ተኩል ውስጥ ከገባ ለኤልክ ከበቂ በላይ ነው።

ስኮፑን ለብቻው ዋጋ ስጡት። ብዙ ጠብ የሚመጣው ጠመንጃውና ስኮፑ ተጠቅልሎ በአንድ ቁጥር ሲጠራ ነው፣ ሻጩ ስኮፑን አስቦ ያስወድዳል ገዢው ጠመንጃውን አስቦ ያረክሳል። የሉፖልድ የዕድሜ ልክ ዋስትና ደሞ የመጀመሪያው ገዢ መሆን አያስፈልገውም፣ ደረሰኝም አይጠይቅም፣ ስለዚህ ሁለተኛ ባለቤት መሆንህ ብዙ አያጎድልብህም፣ ያገለገለም ቢሆን ዋጋው የሚይዘው ለዚህ ነው። ያንኑ ሞዴል አዲሱ ስንት እንደሆነ አይተህ ሁለት ሦስተኛውን ብትሰጠው ማንም አያማህም። አበልጅህ «ስኮፑን ልንቀለውና ለአዲሱ ጠመንጃ ልጠቀምበት» ቢልም መብቱ ነው፣ አትቀየም።

ማንገቻ፣ ቦርሳ፣ የስኮፑ መያዣ ምናምን ዋጋ ላይ አይቆጠርም፣ አብሮ ይሄዳል። የታሸገ የፋብሪካ ጥይት ካለ በገዛበት ይቁጠርልህ፣ ቤቱ ራሱ የሞላው ጥይት ካለ ግን አመስግነህ ተወው፣ የሌላ ሰው ባሩድ ልኬት ውስጥ ፊትህን አታስገባ። አንድ ነገር ደሞ ሻጮች ሁሌ የሚሳሳቱት አለ፣ «ለሰደፉ ይሄን ያህል አወጣሁ፣ ለቀለሙ ይሄን ያህል አወጣሁ» ብለው ወጪያቸውን ይደምራሉ። መኪናህ ላይ ያስገባኸው የሙዚቃ ሲስተም ስትሸጠው እንደማይመለስልህ ሁሉ ይሄም አይመለስም።

ያሳረፈኝ ሰው ነው ያልከው ነገር ልቤን ነክቶታል። ግን ወንድሜ ያንን ውለታ በጠመንጃ ዋጋ ልትከፍለው አትሞክር። 200 ዶላር ጨምረህ ብትሰጠው ውለታው አያልቅም፣ ዋጋው ብቻ ነው የሚበላሸው፣ እሱም ቢሆን ለምን እንደጨመርክለት ላይገባው ይችላል። ዋጋውን በትክክለኛው ክፈልና ውለታህን በሌላ መንገድ መልስ፣ ትከሻው የታመመ ሰው አይደል፣ ዘንድሮ ተራራ ላይ ስጋውን አንተ ተሸከምለት፣ የመጀመሪያውን ኤልክ ስትጥል ታፋውን ቤቱ አድርስለት።

እንዴት ብዬ ልጀምርለት ካልክ እንዲህ በለው፤ «አበልጄ፣ ስለምትወደኝ የፈለግከውን ስጠኝ አልከኝ፣ እኔ ግን አንተን ጎድቼህ ይሄን ጠመንጃ ስሸከም መኖር አልፈልግም። ቅዳሜ አብረን ሁለት ሱቅ እንጠይቅና እኩሌታውን እንያዝ፣ እሺ በለኝ።» እንደዚህ ብለኸው የሚቀየም ሰው አላውቅም። አፍ ለአፍ ከከበዳችሁ ደሞ ሁለታችሁንም የሚያውቅ አደን የሚያውቅ ሰው ፈልጉና ጠመንጃውን አይቶ እሱ ይጥራው። እኛ ሽማግሌ የምናስቀምጠው ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው፣ እዚህ ግን ሳይበላሽ በፊት ቢቀመጥ ምን አለበት።

«እጅ በእጅ ብንጨርስስ» ላልከው መልሱ አጭር ነው፣ አይሆንም። ኮሎራዶ ከጁላይ 1 ቀን 2013 ጀምሮ በግለሰቦች መሐል የሚደረግ ሽያጭም ፈቃድ ባለው ዲለር (የመሣሪያ ነጋዴ) በኩል አልፎ የገዢው ባክግራውንድ ቼክ (የኋላ ታሪክ ማጣሪያ) መደረግ አለበት። ለቅርብ ቤተሰብ በስጦታ ማስተላለፍ ከዚህ ውጭ ነው፣ አበልጅ ግን እኛ ዘንድ ከወንድም ቢበልጥም የኮሎራዶ ሕግ ዘመድ ብሎ አይቆጥረውም፣ ስለዚህ በስጦታም ቢሰጥህ ዲለር ጋ ትሄዳላችሁ። ከኦክቶበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ደሞ ቢያንስ ሦስት ቀን ጥበቃ አለ፣ የአደኑ ወቅት ሊከፈት ዋዜማ ላይ አትሩጡ። የዲለሩን ክፍያ ቀድማችሁ ጠይቁና ተካፈሉት። አንድ ወረቀት ላይም ቀኑን፣ ሞዴሉን፣ ሲሪያል ነምበሩን፣ የጠመንጃውንና የስኮፑን ዋጋ ለየብቻ፣ ምላጩን ማን እንደሚያስቀይር ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበትና አንዳንድ ኮፒ ያዙ። በአበልጅ መሐል ፊርማ ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ ጠመንጃው ነገ ቢሰረቅ ፖሊስ ቁጥሩን አይቶ ማንን እንደሚፈልግ ያስብበት። ልጅ ስላለህ ደሞ ከ2021 ጀምሮ ሕጉ ልጅ ሊደርስበት የሚችል መሣሪያ እንዲቆለፍ ያስገድዳል፣ የመቆለፊያ ሣጥኑን ወጪ ከአሁኑ በጀትህ ውስጥ አስገባው።

አገር ቤት ሆናችሁ ለምታነቡን አንድ ነገር ልበል፣ ይሄ ሁሉ የአሜሪካ ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ መሣሪያ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፣ ያለፈቃድ መግዛትም መሸጥም ወንጀል ነው፣ የኔን ምክር እዛ ላይ አታውሉት።

ጥያቄ

ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው የምጽፈው። መሥሪያ ቤት አብሮኝ ይሠራ የነበረ አሜሪካዊ ሽማግሌ ጡረታ ሲወጣ አንድ አሮጌ ዊንቼስተር 70 ጠመንጃ ሰጥቶኝ ነበር። እኔ አላድንም፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር የተቀመጠው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የልብ ጓደኛዬ አየውና ወደደው፣ 400 ዶላር በለኝ አልኩት ወዲያው ከፈለኝ፣ ወረቀቱንም እዛው ሜሪላንድ ዲለር ጋ ሄደን በሕጉ ጨረስን። ብዙም ሳይቆይ ከሺህ ዶላር በላይ እንደሸጠው ከሌላ ሰው ሰማሁ። ልከሰው አልፈልግም፣ ግን ከሰማሁ ጀምሮ አንጀቴ አርሯል። ግማሹን ስጠኝ ልለው መብት አለኝ ወይ?

መልስ

በመጀመሪያ ምን እንደሸጥክ ልንገርህ። ዊንቼስተር 70 የወጣው 1936 ላይ ነው፣ 1964 ላይ ፋብሪካው ወጪ ለመቀነስ አሠራሩን ለወጠው፣ ቀለሁን በጥፍር ቆንጥጦ የሚይዘው ከማውዘር የተወሰደው አሠራር ያኔ ቀረ። አሜሪካኖቹ ከዛ በፊት የተሠራውን «ፕሪ 64» ብለው ነው የሚጠሩት፣ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል፣ ሲሪያል ነምበሩ ከ581 ሺህ ገደማ በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ያልተነካካ፣ ተጨማሪ ቀዳዳ ያልተበሳበት፣ ቀለሙ ያልታደሰ ከሆነ ከሺህ ዶላር በላይ መሸጡ የሚገርም አይደለም። የቆየ ጠመንጃ ያላችሁ ሁሉ ስሙኝ፣ ሲሪያል ነምበሩን ሳታዩ ዋጋ አትጥሩ፣ ቆንጆ እናድርገው ብላችሁም አትወልውሉት አታስቀቡት፣ ዋጋውን የሚጥለው እሱ ነው።

በሕግ በኩል መብት የለህም፣ ዋጋውን የጠራኸው አንተ ነህ፣ እሱ ከፍሏል ወረቀቱም ተላልፏል። በጓደኝነት በኩል ግን ጥያቄው አንድ ነገር ላይ ነው የሚንጠለጠለው፣ ሲገዛህ ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም? ሳያውቅ ገዝቶ በኋላ ሰው ነግሮት ከሆነ የሸጠው ዕድለኛ ነው እንጂ ክፉ አይደለም፣ ቢሆንም ደውሎ «እንዲህ ሆነልኝ» ቢልህ ደስ ይል ነበር። እያወቀ 400 ስትለው ዝም ብሎ ከከፈለህ ግን ልክ አላደረገም። ሱቅ ውስጥ ነጋዴው ሳያውቅ ያረከሰውን ዕቃ ብታነሳ ንግድ ነው ሊባል ይችላል፣ የልብ ወዳጅህ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ግን የምታውቀውን ደብቀህ መግዛት ማታለል ነው፣ እኔ ሌላ ስም የለኝም ለዚህ። የሚያውቀው ሰው ነው መናገር ያለበት፣ ገዢም ይሁን ሻጭ።

ስለዚህ ከሰው የሰማኸውን ይዘህ አትረር፣ ራስህ ደውልለትና ቡና እንጠጣ በለው። «ሽጠኸዋል ሲሉ ሰማሁ፣ ስትገዛኝ ዋጋውን ታውቅ ነበር?» ብለህ በቀጥታ ጠይቀው። ግማሹን አምጣ አትበለው፣ እሱ ራሱ የሚለውን ጠብቅ፣ ያወቀና የደበቀ ሰው ከሆነ ፊቱ ላይ ታየዋለህ፣ ከዛ በኋላ ያለውን አንተ ትወስናለህ። ወደፊት ደሞ ለጓደኛ በቅናሽ የምትሸጡ ሁሉ «ለመጠቀም ነው የሸጥኩልህ፣ ልትሸጠው ካሰብክ በዚሁ ዋጋ መጀመሪያ ለኔ አቅርብልኝ» የሚል አንድ መስመር ወረቀቱ ላይ ጨምሩ። ስትሸጡ ብትሉት ማንም እምቢ አይልም፣ ከሸጣችሁ በኋላ ግን ብትሉትም ዋጋ የለውም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ሄዳችሁ በዲለር መጨረሳችሁ ግን ትክክል ነበር። በሁለት ስቴት ነዋሪዎች መሐል እጅ በእጅ መቀባበል በፌደራል ሕግ ክልክል ነው፣ ፖቶማክን የተሻገረ ጎረቤት የሚመስል ሰው ቢሆንም። ሜሪላንድ ለረጃጅም ጠመንጃዎች ከኦክቶበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ እዛው ስቴቱ ውስጥ ለሚደረግ የግለሰቦች ሽያጭም ባክግራውንድ ቼክ ትጠይቃለች፣ ቨርጂኒያም ከጁላይ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ይሄንኑ የሚጠይቅ ሕግ አውጥታ ነበር፣ እና እዛ አካባቢ የምትኖሩ ይሄን ያዙ።

ጥያቄ

ሚኒሶታ ነኝ። ከአንድ የጋራ ወዳጃችን ላይ ሳቬጅ 110 የሚባል ጠመንጃ ለመግዛት እኔና አብሮኝ የሚኖር ልጅ ሄደን ነበር፣ ዋጋውን አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ነው የተስማማው፣ ደህና ዋጋ ነው። አሁን ግን «ወረቀቴ ገና ነው፣ በአንተ ስም ግዛና ስጠኝ ብሩን እኔ እከፍላለሁ» ይለኛል። ጓደኛዬ ስለሆነ እምቢ ለማለት ከበደኝ።

መልስ

እምቢ በለው፣ ዛሬውኑ። አንተ የማትጠቀምበትን መሣሪያ በሌላ ሰው ብር ለሌላ ሰው ብለህ መግዛት እዚህ አገር ስትሮው ፐርቸስ ይባላል፣ ያ ሰው መሣሪያ እንዳይዝ በሕግ የተከለከለ መሆኑን እያወቅክ ከሆነ ደሞ 2022 ላይ በወጣው የፌደራል ሕግ እስከ 15 ዓመት ያሳስራል። ዲለር ጋ የሚሞላው ፎርም 4473 ራሱ ትክክለኛው ገዢ አንተ ነህ ወይ ብሎ ይጠይቅሃል፣ ዋሽተህ አዎ ብትል ያንተም የሱም የኢሚግሬሽን ጉዳይ ሊበላሽ ይችላል። ከግለሰብ ስለሆነ ፎርም አይሞላም ብትለኝም ሕጉ ያው ነው። ለሱ ብለህ እምቢ እንዳልከው ንገረው፣ እውነትም ለሱ ነው፣ ወረቀቱ በሂደት ላይ ያለ ሰው ላይ የመሣሪያ ክስ ከመጣ ጠበቃ የሚያድነው አይመስለኝም።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው በመሠረቱ መግዛት ይችላል፣ ዜጋ መሆን ግዴታ አይደለም። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን በመደበኛው አይፈቀድለትም፣ የአደን ላይሰንስ ላላቸው የተለየ ነገር አለ፣ የትኛው እሱን እንደሚመለከተው ግን የሚነግረው የኢሚግሬሽን ጠበቃ እንጂ እኔም አንተም አይደለንም። ሌላም ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ፣ ፎርሙ ላይ ስለ ዕፅ የሚጠይቅ ጥያቄ አለ፣ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌደራል ሕግ ክልክል ነው፣ ማሪዋናም ስቴቱ ቢፈቅደውም በፌደራሉ ያው ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቅም ሰው ያንን ጥያቄ ሲያነብ ቆም ብሎ ያስብ።

የተስማማበት ዋጋ እንዳያመልጠው ከፈለገ ግን ከሻጩ ጋ በቀጥታ ይነጋገር። ሻጩ «ወረቀትህ እስኪያልቅ እስከዚህ ቀን ድረስ በዚህ ዋጋ እጠብቅሃለሁ» ብሎ ይጻፍለት፣ ቀነ ገደብ ይኑረው፣ ቀብድ ግን አይቀባበሉ፣ ሻጩ ቀኑ ካለፈ ለሌላ የመሸጥ መብቱ የተጠበቀ ነው። ጠመንጃው እስከዛ ሻጩ ቤት ይቆይ፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን እናንተ ቤት አይምጣ፣ አብራችሁ ስለምትኖሩ።